እሜቴ እስቲ-እንደገና እና አራተኛው ኩባያ

በየትኛውም መሥሪያ ቤት "እስቲ እንደገና" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የማይገኝበት መሥሪያ ቤት ካለ ወይ ገና አልተከፈተም፣ ወይ በቅርቡ ይዘጋል። ሌላው ሁሉ "ተመስገን፣ አለቀ" ብሎ ከወንበሩ ሲነሳ፣ ያ ሰው እንደተቀመጠ አንገቱን ዘንበል ያደርግና ሁለቷን ቃል ጣል ያደርጋታል። የተነሳው ሁሉ ተመልሶ ይቀመጣል። ልብስ ሰፊ ቤት ብትሄዱ ያለቀ እጅጌ አስተርትሮ እንደገና የሚያሰፋ አለ። ሐኪም ቤት ብትሄዱ የተለካ ሙቀት ደግሞ የሚለካ አለ። አውቶቡስ ውስጥ እንኳ፣ ሾፌሩ ወዴት እንደሚሄድ ነግሮት ሲያበቃ፣ ዞር ብሎ ረዳቱን የሚጠይቅ አይታጣም።

እኛ ዘንድ ያሉት ሴት ናቸው። ማዕረጋቸው ዶክተር ነው። አብሮን የሚሠራው ባለ ማሽኑ ግን ሌላ ማዕረግ ጨመረላቸው፦ "ክብርት እሜቴ እስቲ-እንደገና"። እኔ በሰው ላይ ስም የማውጣት ድፍረቱ የለኝም። ሌላው ሲጠራቸው ግን አብሬ ስቄያለሁ፤ ይህን አልክድም።

የምንሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። እሳቸው ዱቄት ይፈጫሉ፣ ባለ ማሽኑ የተፈጨውን ይለካል፣ አለቃችን ውጤቱን ይጠብቃሉ፣ እኔ ዕቃ አጥባለሁ። ዱቄት ስል የሚበላ አይደለም። ጡብ ተሰብሮ የደቀቀ የሚመስል፣ ቀላ ያለ ዱቄት ነው። እሜቴ እንደሚሉት በዚህ ዱቄት ውስጥ ሁለት ጠባይ አብሮ ይኖራል፤ ኤሌክትሪክንም ይሰማል፣ ማግኔትንም ይሰማል። ብዙ ነገር አንዱን እንጂ ሁለቱን አይሰማም አሉ። ሁለቱን የሚሰማ ነገር ደህና ተደርጎ ከተያዘ፣ አንድ ቀን ስልካችንም ኮምፒውተራችንም ትንሽ መብራት በልቶ ብዙ ነገር የሚያስታውስበት መንገድ ይገኝ ይሆናል። "ይሆናል" የምትለውን የጨመርኳት እኔ አይደለሁም። እሜቴ ያለ "ይሆናል" ነገር አይጨርሱም።

ችግሩ የዱቄቱ ማግኔትነት በጣም ደካማ ነው። ፍሬው እየደቀቀ ሲሄድ ግን ይጠነክራል ይባላል። የኛ ሥራ ይህ "ይባላል" እውነት መሆኑን፣ እውነትም ከሆነ እስከምን ድረስ እንደሆነ ማየት ነው። ስለዚህ ይፈጫል። አንዱ ሁለት ሰዓት ይፈጫል፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ አሥር፣ አራተኛው ሃያ ሰዓት ሙሉ ይፈጫል። እየደቀቀ ሄዶ ሄዶ፣ ዓይን ቀርቶ ተራ አጉሊ መነጽር እንኳ የማያየው ይሆናል። አንዲት ፀጉር ውፍረቷን ለሺህ ብትሰነጥቋት፣ አንዷን ስንጣሪ ያህል ነው፤ እንዲያውም ያንሳል።

እሜቴ የሚደግሙት ይህን ብቻ ቢሆን ማን ይናገራቸው ነበር! የሻይ ክፍሉ ሰዓት ከስልካቸው ጋር ካልተስማማ የሦስት ሰው ስልክ ያስወጣሉ። ማታ በሩን ቆልፈው ይወጣሉ፣ ደረጃውን ይወርዳሉ፣ ይመለሱና እጀታውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ ቆጠርኩ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሱ። በሦስተኛው ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

"አንዳንዴ እኮ ይከፈታል" አሉኝ፣ እፍር ብለው።

"ተከፍቶ ያውቃል?"

"አያውቅም" አሉ፤ ደግመው ነቀነቁት።

ባለ ማሽኑማ ስለ እሳቸው የማያወራው የለም። "ባላቸው 'አግቢኝ' ብለው ሲጠይቋቸው ምን እንዳሏቸው ታውቃለህ?" ይለኛል። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አላውቅም እለዋለሁ። "'እስቲ እንደገና' አሏቸዋ! ሰውየው ደገሙት። 'ሦስተኛ ካልደገምከው ባጋጣሚ የወጣህ ቃል ሊሆን ይችላል' አሏቸው!" ይልና ጠረጴዛውን እየመታ ይስቃል። አለቃችንም እንዳልሰማ ሰው ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ። እኔ ሳስበው ግን፣ ሰውየው ሦስቴ ጠይቀው አገቧቸው ማለት ነው። ሦስቴ የጠየቀ ሰው ደግሞ ምን እንደፈለገ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ለባለ ማሽኑ አልነገርኩትም።

ከሁሉም በላይ ጥያቄያቸው የሚበዛው እኔ ላይ ነው። ሌላው ሰው እኔ ያለሁባትን ጥግ የሚያስታውሳት ንጹሕ ዕቃ ሲያጣ ነው። "ብርጭቆ!" ይባላል፤ ብርጭቆ ይቀርባል፤ በቃ። እሜቴ ግን ጠዋት ጠዋት ማጠቢያው ጋ ይመጡና ደብተራቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ይህን በምን አጠቡት?"

"በሳሙና።"

"ከሳሙናውስ በኋላ?"

"በቧንቧ ውኃ፣ ሦስቴ።"

"ከዚያስ?"

"በተጣራው ውኃ፣ ሁለቴ።"

"ብሩሹስ?"

"የናይለኑ።"

"የቱ? ረጅሙ ነው አጭሩ?"

እንዲህ እያሉ ይጽፋሉ። የእኔን ቃል፣ ቀንና ሰዓት አድርገው፣ ደብተር ላይ ይጽፋሉ! ከዚያ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። መጀመሪያ ሰሞን የሌባ ምርመራ መስሎኝ ነበር። "ሴትዮዋ አላመኑኝም" ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሳህን ስታጥብልኝ እኔም እንዲሁ አንስቼ ነው የማየው" አለች። "ሴትዮዋ ደህና አድርገው አውቀውሃል።"

አንድ ቀን ጥያቄያቸው ሲያልቅ እኔ ደግሞ አንድ ጠየቅኳቸው። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

"ዶክተር፣ ነገር ሲያንስ ጉልበቱም የሚያንስ ነው የሚመስለኝ። ይሄ ሲደቅ እንዴት ይጠነክራል?"

እሜቴ ደብተራቸውን ዘጉ። እኔ መደርደሪያ ላይ ለመድረቅ የማስቀምጣቸው፣ አፍንጫቸው ቆልመም ያለ የውኃ መርጫ ጠርሙሶች አሉ። አሥራ ሁለቱን አወረዱና ጠረጴዛው ላይ ባንድ መስመር ደረደሯቸው። የመጀመሪያውን አፍንጫ ወደ በሩ አዞሩት። ሁለተኛውን ትንሽ ዘወር አደረጉት። ሦስተኛውን ከሁለተኛው ትንሽ ዘወር። እንዲህ እያሉ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ አፍንጫው ዞሮ ዞሮ ወደ በሩ ሊመለስ ትንሽ ቀረው።

"እያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ ትንሽዬ ማግኔት ነው እንበል፣ ጋሼ። የሚጎትተው አፍንጫው ባየበት በኩል ነው። ይሄኛው ወደ በሩ ይጎትታል፤ ያኛው ወደ ግድግዳው። ምን ይሆናል?"

"አንዱ የአንዱን ያፈርሳል።"

"ዙሩ ሲሞላ ሁሉም ይፈራረሳል፤ ውጪ ለቆመ ሰው ምንም አይታየውም። ትልቁ ፍሬ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። አሁን ፍሬውን እንስበረው" አሉና ስምንቱን ጠርሙስ አነሱ። አራት ቀሩ። የአራቱም አፍንጫ ወደ አንድ ወገን ያደላል።

"ዙሩ ሳይሞላ ቀረ" አልኩ።

"ቀረ! ስለዚህ ሳይፈርስ የሚተርፍ አለ። ደግሞ ዳር ያሉት ባንድ ወገን ጎረቤት የላቸውም፤ የሚያፈርስባቸው ያጣሉ። ፍሬው ባነሰ ቁጥር ዳር የሚቆመው ይበዛል።"

ዳር ስለመቆም እኔም ትንሽ አውቃለሁና ገባኝ። "ታዲያ ጨርሶ ብናደቀውስ? አንድ ጠርሙስ ብቻ ብናስቀር?"

"እሱም አይሆንም። በጣም ካነሰ በክፍሉ ሙቀት ብቻ ይወዛወዛል፤ የኤሌክትሪክ ጠባዩም ይሟሽሻል። እኛ የምንፈልገው ልኩን ነው።" ከዚያ ጠርሙሶቹን ወደኔ ገፋ አደረጓቸው። "እስቲ እንደገና እርስዎ ይንገሩኝ።"

ነገርኳቸው። ሦስተኛውን ጠርሙስ በተሳሳተ በኩል አዞርኩና እሳቸው አስተካከሉኝ እንጂ ሌላው ልክ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ዱቄቱ የሚፈጨው ነጭና ከባድ ኩባያ ውስጥ ነው፤ ብይ የሚያካክሉ ነጫጭ ኳሶች አብረውት ይገቡና መፍጫው ሲያሽከረክረው ይወቅጡታል። መፍጫው አራት ኩባያ ባንዴ ይይዛል። ኩባያውን የማጥብበት የናይለን ብሩሽ ፀጉሩ ረግፎ ረግፎ መላጣ ሆነ። አዲስ ብሩሽ ለማውጣት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ቅጽ አስሞልቶ ነው የሚሰጠው። ሰባት መስመር ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ማንበቡን ቀስ እያልኩ አነባለሁ፤ እጄ ላይ ብዕር ሲያርፍ ግን ያገሩ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ የሚያየኝ ይመስለኛል። ቅጹን ሁለቴ ተቀብዬ ሁለቴ ኪሴ ውስጥ አረጀ።

በዚህ መሀል አራተኛው ኩባያ ውስጥ፣ ሃያ ሰዓት በሚፈጭበት፣ የቀድሞው ዱቄት ጋግሮ ታቹ ላይ ተጣበቀ። በመላጣው ብሩሽ ብለው ብለው እምቢ አለኝ። በማግስቱ ከቤት የባለቤቴን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይዤ መጣሁ። ያንን ውኃ ሲነካው ዝገት የሚያወጣውን ዓይነት። ሁለት ጊዜ ሳላሸው ለቀቀ። ደስ ስላለኝ ማሸቴን ቀጠልኩ። ታቹ ላይ ቀጫጭን ግራጫ መስመሮች ቀሩ፤ ነጭ የሻይ ኩባያ ውስጥ ማንኪያ ብዙ ሲመላለስ እንደሚተወው ያለ። ኩባያው የተጫረ መሰለኝ። አምስቴ አለቀለቅኩትና አስቀመጥኩት።

በዚያ ጠዋት እሜቴ ልጃቸው ታሞባቸው ዘገዩ። አለቃችን ቸኩለው ነበርና ኩባያዎቹን ራሳቸው ወስደው ዱቄቱን ሞልተው መፍጫውን አስነሱ። "በምን አጠብከው?" ያለኝ አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ባለ ማሽኑ ከክፍሉ እየሮጠ ወጣ። "ዘለለ! አራተኛው ዘለለ!"

ሁላችንም ማሽኑ ጋ ሄድን፤ እኔ ከበሩ አላለፍኩም። የማሽኑ ስክሪን ላይ አራት ነጥብ ይታያል። ሦስቱ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያሉ ከፍ ከፍ ይላሉ። አራተኛው ጣሪያው ላይ ነው። አለቃችን ባለ ማሽኑን አቅፈው ሳሙት። ዓርብ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሥራችን ይቀጥል ወይስ ይቁም ብለው የሚወስኑ። "የማሳያቸው ይሄን ነው! ደቃቁ ጠነከረ! በሦስት እጥፍ ጠነከረ!"

ከዚያ ሁሉም ዞሮ እሜቴን አየ። እሜቴ ስክሪኑን አፍጥጠው ያያሉ። አንገታቸው ዘንበል አለ።

"ሴትዮ፣ በፈጠረሽ አምላክ፣ እንዳትይው" አሉ አለቃችን።

"እስቲ እንደገና" አሉ እሜቴ።

"ሲደቅ ይጠነክራል ያልሽው አንቺው አይደለሽም? ይኸው ጠነከረ! ምን ጎደለሽ?"

"ይጠነክራል ብያለሁ። ይዘላል ግን አላልኩም።"

"ተፈጥሮ አንቺን ልታስፈቅድ ነው?"

"አታስፈቅድም። ስትዘል ግን እግሯን የት ላይ አድርጋ እንደዘለለች ማየት አለብኝ።"

ባለ ማሽኑ ደግሞ ለካው፤ ያው ሆነ። እንደገና ለካው፤ ያው ሆነ። "ይኸው ሦስቴ!" አሉ አለቃችን። "ባልሽ እንኳ በሦስቴ አልፏል!" ሳቅ በሳቅ ሆንን። እሜቴ አልሳቁም። "አንዱን ዱቄት ሦስቴ ብንለካው ያው አንድ ዱቄት ነው" አሉና ደብተራቸውን ገለጡ። የዚያን ጠዋት የእጥበት ገጽ ባዶ ነበር። ባዶውን ገጽ እንደያዙ ወደ እኔ መጡ።

"ጋሼ፣ የዚያን ዕለት እኔ አልጠየቅኩዎትም። አራተኛውን ኩባያ በምን አጠቡት?"

ሽቦ ብረት ነው። ማግኔት ብረት ይወዳል። ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ አፌ ግን ቀደመኝ።

"እንደ ሁልጊዜው" አልኩ።

"በናይለኑ?"

"በናይለኑ።"

ጻፉት። የገደለኝ እሱ ነው። ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስተው የሚጠረጥሩ ሴት፣ በርን ሦስቴ የሚጠረጥሩ ሴት፣ እኔን አንድ ጊዜ ጠይቀው አመኑና ጻፉት። እንደገና አላሉም።

ማክሰኞ ሙሉውን ቀን ውኃው ውስጥ እጄን ነክሬ ዋልኩ። ብናገር ያልተፈቀደ ነገር አስገብቻለሁ፣ በዚያ ላይ ዋሽቻለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ሌላ ማጠቢያ ይሰጠኛል? ባልናገር ደግሞ እሜቴ አንድ ዓመት የለፉበት ሥራ በድስት ሽቦ ላይ ሊቆም ነው። አለቃችን ወዲያ ወዲህ እያሉ ለዓርብ የሚናገሩትን ይለማመዳሉ። "በሦስት እጥፍ!" ባሉ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ከእጄ ሊያመልጥ ይደርሳል።

ራት ላይ ባለቤቴ ድስቷን ፊቴ አስቀመጠች። "ሽቦዬን የት አደረስከው? ይኸው ድስቴ አሯል፤ በጥፍሬ ልፋቀው?"

ነገርኳት። ሁሉንም።

"ታዲያ ንገራቸዋ።"

"ያባርሩኛል።"

"ካባረሩህ ሽቦዬን ይዘህ ና" አለች። ቀጥላም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቃልህን የሚጽፍ ሰው ስንት አለህ?" አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሌላ ሰው ሳይገባ ሽቦውን በላስቲክ ከረጢት አድርጌ የእሜቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሲገቡ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሜያለሁ።

"ዶክተር፣ ሰኞ የነገርኩዎት ውሸት ነው። አራተኛውን ያጠብኩት በዚህ ነው።" ከዚያ ስለ ብሩሹ ነገርኳቸው። ስለ ቅጹም ነገርኳቸው። ስለ ቅጹ መናገሩ ከሽቦው ይልቅ ከበደኝ።

እሜቴ ኩባያውን አንስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነጭ ጨርቅ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ታቹን ጫን አድርገው አሹት፤ ጨርቁ ግራጫ ሆነ።

"ጭረት አይደለም" አሉ። "ይሄ ኩባያ ከብረት ይጠነክራል። የተፋቀው ሽቦው ነው፤ ኩባያው ላይ የቀረውም እሱ ነው። ብረት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ቢገባበት የኛን ዱቄት ድምፅ ይውጠዋል።"

"ይውጡ" የሚለውን ቃል እየጠበቅኩ ነበር። ጓንቴን ማውለቅ ጀምሬያለሁ።

"እስቲ እንደገና" አሉ።

"አቤት?"

"እስቲ እንደገና ይጠቡ። በሽቦው። እኔ እያየሁ።"

የሰማሁትን አላመንኩም። እሳቸው ግን ሌላ ንጹሕ ኩባያ አምጥተው ማጠቢያው ውስጥ አስቀምጠዋል፤ ደብተሩ ተገልጧል። "የዚያን ዕለት ስንት ጊዜ አሹት?"

"አልቆጠርኩም።"

"በግምት።"

"አርባ… አርባ ይሆናል።"

"አርባ ይሆናል" እያሉ ጻፉ። "ይጀምሩ፤ እኔ እቆጥራለሁ።"

ጥፋቴን እንዲህ፣ ከአንድ እስከ አርባ እየተቆጠረልኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ አራት ኩባያ አዘጋጁ። በሽቦ የታጠበው ውስጥ ማግኔት ፈጽሞ የማይሰማ ነጭ ዱቄት ጨመሩ። ከራሳቸው መሳቢያ ባወጡት አዲስ የናይለን ብሩሽ የታጠበው ውስጥም ያንኑ ነጭ ዱቄት። በቀሩት ሁለት አዳዲስ ኩባያዎች የኛን ቀይ ዱቄት። "ቀዩ ለምን ሁለት ኩባያ ሆነ?" ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ወዲያው መልሱ ራሱ መጣልኝና ተውኩት።

አለቃችን ሲገቡ መፍጫው እየጮኸ ነበር። ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው እንደ ዱቄቱ ቀላ።

"ዓርብ ሁለት ቀን ቀርቶት ነጭ ዱቄት ትፈጪያለሽ?"

"እፈጫለሁ።"

ወደኔ ዞሩ። "አንተ ነህ አይደል ጉድ ያረግከኝ?"

እሜቴ ከመፍጫው ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ "ጋሼ ባይነግሩን ዓርብ ለእንግዶቹ የምናሳያቸው የድስት ሽቦ ነበር" አሉ። አለቃችን አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት፣ ሻይ ክፍል ገቡ።

ሐሙስ ተለካ። በናይለን ታጥቦ የተፈጨው ነጭ ዱቄት ዝም፤ እንደተኛ ሰው ቀጥ ያለ መስመር። በሽቦ የታጠበው ነጭ ዱቄት፣ ከማግኔት ጋር ምንም ትውውቅ የሌለው ነጭ ዱቄት፣ ከፍ አለ። ቀዩ ደግሞ፣ ሁለቱም፣ ከሦስተኛው ነጥብ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብለው ተቀመጡ። ጣሪያውን አልነኩም። ከታች ጀምሮ የመጣው ደረጃ ሳይዘል፣ ሳይሰበር ቀጠለ።

"ይቺ ናት?" አሉ አለቃችን፣ ቁልቁል እያዩ።

"ይቺ ናት" አሉ እሜቴ። "ግን የዱቄቱ የራሱ ናት።"

ዓርብ ሦስት እንግዶች መጡ። እኔ ከዕቃ ማድረቂያው ጀርባ ሆንኩ፤ ብዙ ብርጭቆ ስለተደረደረ ሰው አያሳይም። አለቃችን አራቷን ነጥብ አሳዩ። ድምፃቸው የተለማመዱት ድምፅ አልነበረም። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ መነጽራም ሰውዬ፣ ጣታቸውን አነሱ።

"ይህ ከፍታ ከማድቀቁ እንጂ ከብረት ብናኝ እንዳልመጣ በምን አወቃችሁ? ሲፈጭ ብዙ ነገር ይገባል።"

አለቃችን ወዲያው ቀጥ አሉ። ደረታቸው ተነፋ። "ሞክረነዋል!" አሉ፤ ነጩን ዱቄት ከነሽቦው ታሪክ አሳዩ፤ ሙከራውን ከጥንት ጀምሮ ሲያልሙት የኖሩ ይመስላሉ። ሰውየው ረጅም ጊዜ አዩት። "ይሄ ጥሩ ነው" አሉ። "ከምን ተነሥታችሁ አሰባችሁት?"

አለቃችን ወደ እሜቴ አዩ። እሜቴ ወደ ዕቃ ማድረቂያው አዩ።

"ጋሼ፣ እስቲ ለእንግዶቹ ይንገሯቸው።"

ወጣሁ። እጄ እርጥብ ነው። ያን ሁሉ ነገር፣ ብሩሹን፣ ጋግሮ የተጣበቀውን ዱቄት፣ ሽቦውን፣ ውሸቴንም ጭምር፣ ባንድ ትንፋሽ ለጫማዬ ነገርኩት።

ሸበቶው ሰውዬ እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ይቅርታ፣ አባት፣ አልሰማሁም። እስቲ እንደገና?"

ባለ ማሽኑ አፉን በእጁ ያዘ። አለቃችን ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። ከዚያ እሜቴ ሳቁ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ሳቃቸውን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ሙሉ ሳቅ ነው፣ የሚያስጎነብስ፣ ዕንባ የሚያወጣ። እንግዶቹ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ግን ሳቁ ሲያልፍ ቀና ብዬ እንደገና ተናገርኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻል ነበር። ጮክ ያለም ነበር።

ሥራው ይቀጥል ተባለ። ቅጹን ሞላሁት፤ ሰባቱ መስመር አንድ ጠዋት ፈጀብኝ፤ ሦስት ብሩሽ አወጣሁ። ሽቦው ወደ ቤት አልተመለሰም። እሜቴ በከረጢቱ አድርገው፣ ቁጥርና ቀን ጽፈው፣ መሳቢያቸው ውስጥ አኑረውታል። በላዩ ላይ "ናሙና" ይላል፤ ቀስ ብዬ አነበብኩት። "ሽቦዬስ?" ስትለኝ ባለቤቴን "ናሙና ሆነ" አልኳት። "ድስቴን በናሙና ልፈግፍገው?" አለች፤ ሌላ ገዛሁላት።

ባለፈው ሰኞ የእሜቴ ልጅ እንደገና ታመመባቸውና ቀሩ። ጠዋት ዕቃውን አጠብኩ። አለቃችን መጥተው "ብርጭቆ!" ብለው ወስደው ሄዱ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ማጠቢያው ጋ ብቻዬን ቆምኩና፣ ሰው አለመኖሩን ዞር ብዬ አይቼ፣ "በሳሙና" አልኩ። "በቧንቧ ውኃ ሦስቴ። በተጣራው ሁለቴ። የናይለኑ፣ አጭሩ።"

የቀረውን ኩባያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁና አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት። ንጹሕ ነበር።

ደግሜ አጠብኩት።